መልካም አጭር ልብ ወለድ በምን ይለያል

ስለ ድኻ የጻፈ ሁሉ መልካም ጻፈ ሊባል አይገባውም፤ የ19ኛው ምዕት ዓመት የመስኮብ (የሩሲያ) ደራስያንም ለከፍተኛ ክብር የበቁት ከነገሥታትና ከጦር አለቆች ይልቅ ስለ ቢሮ ጸሐፊ፣ ስለ ጋሪ ነጂና ስለ ጫማ ሰፊ ልጅ በመጻፋቸው ብቻ ሳይሆን፣ የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ቆጥረውና መዝነው፣ ያለ ውዳሴና ያለ ኵነኔ በአንባቢው ፊት በማቆማቸው ነው።

ከእነዚህ ደራስያን አንዱ ጎጎል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ያሳተመውን «ካፖርት» የተባለ ታሪክ የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሒሳቡን ይመልከት። አካኪ አካኪዬቪች የተባለው ምስኪን ጽሑፍ ገልባጭ፣ አሮጌው ካፖርቱ የማይጠገን ቢሆንበት፣ ልብስ ሰፊው 150 ሩብል ቢጠራበትም በ80 እንደሚሰፋለት ዐውቆ፣ ገንዘቡን ለማጠራቀም የማታ ሻዩን ይተዋል፣ ሻማ ማብራት ያቆማል፣ የጫማው ሶል ቶሎ እንዳያልቅበትም በእግሩ ጣቶች ጫፍ ይራመዳል፤ ለአንገትጌው የታሰበው የአውሬ ቆዳ ዋጋው አልቀመስ ስላለም፣ ከሩቅ ሲያዩት ያንኑ የሚመስል የድመት ቆዳ ይገዛል። ደራሲው ስለ ድኽነት ሰፊ ሐተታ ቢጽፍ ኖሮ ይህችን አንገትጌ ያህል ባላስረዳን ነበር። ዕቃው ራሱ ይመስክር እንጂ ደራሲው በምስክሩ አፍ አይግባ።

ቼኾቭ በ1886 በጻፈው ታሪክ ደግሞ ኢዮና የተባለ ልጁ የሞተበት ጋሪ ነጂ፣ በረዶ ትከሻውን አልብሶት፣ ለተሳፋሪዎቹ ሐዘኑን ሊናገር ሲጀምር የሚሰማው አጥቶ፣ በመጨረሻ ድርቆሽ ለምታላምጠው ፈረሱ ይነግራታል። ተሳፋሪዎቹ ምሕረት ቢጎድላቸውም የሚቸኩሉ፣ የሚሳሳቁ፣ የራሳቸው ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ ብልኅነት የጎደለው ደራሲ ግን እነርሱን አጋንንት፣ ኢዮናን ጻድቅ አድርጎ፣ በመዝጊያው ላይ ተግሣጽ በጨመረበት ነበር። ተግሣጽና ምዕዳን በቅዱሳት መጻሕፍት የከበረ ሥፍራ አላቸው፤ በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ግን አንባቢው በገዛ ኅሊናው ሊደርስበት የሚገባውን ፍርድ ቀድመው ይነጥቁታል።

ከእኛው ምድር ምሳሌ የሚሻ፣ ምንም እንኳ ረዥም ልብ ወለድ ቢሆን፣ የጎጃሙን ተወላጅ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ያንብብ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋር ሲጣሉ ደራሲው ትዕቢታቸውን አይሸሽግም፣ ሰውነታቸውንም አይነፍጋቸውም፤ ስለዚህም አንባቢው እየሳቀባቸው ሳለ ሳያስበው ያዝንላቸዋል። በአጭር ልብ ወለድ ደግሞ ከቀደሙት የታደሰ ሊበን «መስከረም» አይታለፍ።

ይህን የምጽፈው በሽንዲ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያለው አንባቢ ለመፍረድ የሚያስችለው ዕውቀት በእጁ እንዳለ ስለማምን ነው። የወምበርማን በርበሬ አምራች ታሪክ እጽፋለሁ የሚል ደራሲ፣ ችግኙ በክረምት እንዴት እንደሚተከል፣ ዛላው ቀልቶ ሲለቀምና ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቤተ ሰቡ እንዴት እንደሚደክም፣ በገበያ ቀን ነጋዴው ዛላውን ጨብጦ እርጥበቱን ሲመረምር፣ የብድሩ ቀን የደረሰበት አምራች በቀረበለት ዋጋ እሺ የሚለው በምን አንደበት እንደሆነ ካላወቀ፣ ባለታሪኩን ገበሬ ብሎ ቢጠራውም ገበሬ አላደረገውም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያጋጥማችሁ፣ ስመ ጥር ደራሲ ቢጽፈውም እንኳ፣ የባለታሪኩን ሥራ ከታሪኩ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ከቆመ ደራሲው ያንን ሰው አላወቀውም ማለት ነውና፣ ሳትፈሩ ፍረዱበት።