ሊቆርጥ የተሠራ ሰንጢ

የፈረንሳዩ ኦፒኔል ሰንጢ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዕቃ ነው፤ ውበቱ ግን የሚገለጠው ሲቆርጥ ነው ባይ ነኝ። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በተራራማው ሳቮይ ሲሠራው ለገጠር ሰው ኪስ እንጂ ለመስታወት ሣጥን አላሰበውም። ስለቱ ስስ፣ እጀታው የእንጨት፣ የካርቦን ብረቱም ለመሳል የማያስቸግር ነው። ዱልዱም ሲሆን ባለቤቱ ራሱ ያድሰዋል።

«በተሳለ ቁጥር ብረቱ ያልቃል፤ ዋጋውም ይወርዳል» የሚሉ አሉ። በሞተር በሚሽከረከር ድንጋይ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ሙቀቱ የጠርዙን ጥንካሬ ይገድላል፣ ቅርጹንም ይበላል። ውሃ በጠጣ ልሙጥ ድንጋይ ላይ በእጅ መሳል ግን ሌላ ጥበብ ነው። ስለቱ 20 ዲግሪ ገደማ ተጋድሞ ይሳባል፤ በሌላው ጎን በጣት የሚዳሰስ ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ሲወጣ ይገለበጣል፤ በመጨረሻ ቆዳ ላይ ይወለወላል። የሚጠፋው ብረት ኢምንት ነው። ዝገትስ? ፖምና ሽንኩርት የቆረጠ የካርቦን ብረት ግራጫ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑም ቀዩን ዝገት ያዘገያል። እርጥብ መሳቢያ ውስጥ የተረሳው ነው ምንም ሳይቆርጥ የሚበላው። እርግጥ ማርሴል ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1955 የመቆለፊያ ቀለበቱን ከመፍጠሩ በፊት የተሠሩት አሮጌዎች ባሉበት ቢቀመጡ አልከራከርም። ባለ 8.5 ሴንቲ ሜትር ስለቱ ቁጥር 8 ግን ዛሬም ይመረታል፤ ሰብሳቢው ሁለት ገዝቶ አንዱን ለሥራ ማዋል ይችላል።