በሰው ወርቅ አይደምቅ፤ ስለ ዋልያስ ባንድ ታሪክና ሥራ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ የቀድሞው የጂቡቲ ምድር ባቡር ሐዲድ በሚያልፍበት በአቃቂ ቃሊቲ፣ በፋብሪካዎቹ አጠገብ ተወልደው ያደጉ ጥቂት ወጣቶች ጊታርና ድራም ይዘው በአንድ የሠርግ ድንኳን ሲጫወቱ ለመስማት ዕድል አግኝተን ነበር። ጨዋታቸው ሽማግሌውንም ወጣቱንም ያስደሰተ ሆኖ ሳለ፣ ሌሊቱ ገና ሳይጋመስ ዜማውን ከመካከል አቋርጠው መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመሩ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ መሣሪያው በሰዓት የተከራዩት መሆኑንና ባለቤቱም ሊወስደው መምጣቱን ነገሩን። «በሰው ወርቅ አይደምቅ» የሚለው የአበው ተረት ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ጓደኛሞች ያለ መንግሥት በጀትና ያለ ባለጠጋ ጌታ የራሳቸው ባንድ ሊኖራቸው ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን የዋልያስ ባንድ ታሪክ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ እርሱን ልንመረምር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመናዊ ሙዚቃ በአገራችን የተተከለው በቤተ መንግሥት አጸድ መሆኑ የታወቀ ነው። በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ መሣሪያ ይነፉ ነበር፤ ከዚያም በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሙዚቃ ክፍሎች ታላላቅ ባለሙያዎችን አፍርተዋል። የእነዚህን ውለታ መካድ አይገባም። ነገር ግን ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ሸክላ የማሳተሙም መብት ከ1948 ጀምሮ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ ይህን አጥር በ1969 በድፍረት የጣሰው አምኃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ነው። በምሽት ክበቦችም ቢሆን መሣሪያው የክበቡ ባለቤት እንጂ የተጫዋቹ አልነበረም።

የዋልያስ ባንድ አባሎች የተነሡት ከእነዚህ ክበቦች ከአንዱ፣ ቬነስ ይባል ከነበረው ነው። በልጅነቱ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል የሠለጠነው ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላኬ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ተማረ ሀረጉ በድራም ሆነው፣ በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ማኅበራቸውን አቆሙ። ከሌሎቹ የለያቸው ዋና ነገር የገዛ መሣሪያቸው ባለቤት መሆናቸው ነው። መሣሪያው የእነርሱ ስለ ሆነም ከሂልተን ሆቴል ጋር በራሳቸው ስም ተዋውለው ለዓመታት ለመጫወት ቻሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ዘመኑ ግን የሚያመች አልነበረም። ከ1974 ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀና የከተማው ሌሊት ጭር አለ። ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል፣ ሙዚቀኞቹም እስከ ንጋት ሲጫወቱ ያድሩ ነበር። ይህ ረጅም ሌሊት ፈተናም ትምህርት ቤትም ሆኖላቸዋል ለማለት እንደፍራለን፤ አንድን ዜማ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ መላልሶ ለመመርመር ጊዜ የሚያገኝ ሙዚቀኛ ብዙ አይደለምና።

የዚህ ሁሉ ፍሬ በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ነው። «ቼ» ማለት ፈረስ የሚነዳበት ቃል መሆኑን አንባብያን ያውቃሉ፤ ሥራውም እንደ ስሙ ይጋልባል። ሙላቱ አስታጥቄም ከእነርሱ ጋር ተሳትፎበታል። በዚህ ሸክላ ውስጥ ካሉት አንዱ፣ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት»፣ ባሕር ተሻግሮ የውጭ አገር ባንዶች ሳይቀሩ ተጫውተውታል።

የሥራው ድፍረት ወዴት እንደ ሆነ ለይተን እንናገር። በአገራችን ዜማ ዘወትር የቃል አገልጋይ ሆኖ ኖሯል፤ አድማጩም ሰምና ወርቁን ለመለየት ጆሮውን ወደ ግጥሙ ያዘነብላል። ዋልያሶች ግን ዘፋኙን ከመድረክ አስወርደው፣ አምስት ድምፅ ብቻ ያላቸው ቅኝቶቻችን ያለ ቃል ሊናገሩ እንደሚችሉ አሳዩ። ኦርጋኑ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ እየተንቀጠቀጠ ይጠይቃል፤ ነፋሾቹ በኅብረት ይመልሳሉ፤ ቤዝ ጊታሩም ከሥር ሆኖ አካሄዱን ይጠብቃል።

ይህን ስንል ሥራው ነቀፌታ የለበትም ማለታችን አይደለም። አንዳንድ ቦታ የድራሙ አመታት ከአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ እንዳለ የተወሰደ ይመስላል፤ መሰንቆና ክራርም ከዚያ ማዕድ መጥፋታቸው ያሳዝነናል። ሆኖም ብድሩ ግልጽ፣ አነጋገሩ ግን የራሳቸው ስለ ሆነ ሚዛኑ ወደ ምስጋና ያደላል።

ከሥራው ይልቅ የሚያስቆጨን የማኅበሩ ፍጻሜ ነው። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ትርዒት ካሳየ በኋላ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ የቀሩትም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜም በመኪናው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ይዞ ይለማመድ ነበር። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮን ያስቀረጸው ሥራ በ2013 በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እንደገና ቢወጣ ዓለም አደነቀው፤ እርሱም በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አቀረበ። የግርማ በየነም ዕጣ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ በባዕድ አገር ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በ2017 በአዲስ ሥራ ተመልሷል። እንግዲህ የኛን ወርቅ ከአቧራ አንሥቶ የወለወለው የሌላ አገር ሰው ነው፤ ይህም ለኛ ክብር ብቻ ሳይሆን ወቀሳም ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ፊተኛው፣ መሣሪያው የራሱ ያልሆነ ሙዚቀኛ ዜማውም የራሱ አይሆንም። ሁለተኛው፣ ነፃነት በአባሎቹ ትከሻ ላይ ብቻ ከቆመ አባሎቹ ሲበተኑ አብሮ ይበተናል፤ ተተኪ ማስተማር፣ ዜማውን በኖታ መጻፍ፣ ቅጂውን በቤተ መዛግብት ማኖር ያስፈልገዋል። በትምህርት ቤትና በወረዳ ላይ የተሾሙ አንባቢዎቻችን ለወጣቶች ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር ከባድ አይደለም፤ አንድ የመለማመጃ ክፍልና፣ በጋራ ቆጥበው መሣሪያ የሚገዙበትን ማኅበር እንዲያቋቁሙ መምከር ይበቃል።

የአቃቂ ቃሊቲ ወጣቶች ያን ሌሊት ያቋረጡት ዜማ እስካሁን በጆሯችን አለ። መጨረሻውን በገዛ መሣሪያቸው ሲጫወቱት ለመስማት እንመኛለን።