ኤንትሬ በሞጆ መንገድ

ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴነር በሚራገፍበት በሞጆ ደረቅ ወደብ ዙሪያ፣ የአሮጌ መኪና ፍቅር ያለበት መንገደኛ ዓይኑ የሚፈልገው ኤንትሬን ነው።

የጣሊያኑ የጭነት መኪና ፊያት 682 ገበያ ላይ የዋለው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ኤንትሬ፣ ማለትም ኤን 3፣ የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር የሚበልጥ የናፍጣ ሞተር፣ በብዙዎቹም ላይ በቀኝ በኩል የተተከለ መሪ። ኢትዮጵያ በ1964 እ.ኤ.አ. ወደ ቀኝ መስመር ከተሻገረች በኋላም ተሳቢውን እየጎተተ ዳገት መውጣቱን አላቆመም። እንዲህ ያለ ጉልበት አድናቆት ይገባዋል።

ለባዕድ እንግዳ ደግሞ ጥሩ የቋንቋ አስተማሪ ነው። እንግዳው ጋራዥ ገብቶ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ እያለ ከመካኒኩ ጋር ይግባባል፤ ጣሊያናዊ ከሆነማ የቃላቱን ግማሽ ከቤቱ ይዞት መጥቷል። አዳማ ሲደርስ መኪና በኦሮምኛ ኮንኮላታ መባሉን ይሰማል። ሰላምታውን አሳምሮ ካቀረበ፣ ሾፌሩ ጋቢና አስገብቶ የቀረውን ያስተምረዋል።