በዓሣ የሚፈተነው የፋብሪካ ቀለም፦ የ96 ሰዓቱ ዘዴ ከማንኪራ ወንዞች አንጻር ሲመዘን

በካፋ የቡና ጥላ ከሚሆኑት ዛፎች መካከል አንዱ ብርብራ ነው። ሥሩ አፈሩን ያዳብራል፣ ቅርንጫፉ ቡናውን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ ፍሬው ግን ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣን ያደነዝዛል። ይህን ጠባዩን በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ ሲያውቁት ኖረዋል። ለመራባት ወደ ጣና ገባር ወንዞች የሚወጡት ዓሦች በዚሁ ፍሬ ሲያዙ መቆየታቸውም በጥናት ተመዝግቧል። ብርብራ ሮቴኖን የተባለውንና ከእርሱ ጋር የሚዛመዱ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ሲሆን፣ እነዚህ ንጥረ ነገሮች የዓሣው ሕዋስ በኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያግዱታል። እንግዲህ አጥማጁ «ለዚህ ያህል ውሃ ስንት ቁና ብርብራ ይበቃል?» ብሎ ሲገምት፣ ቤተ ሙከራው ስለ ፋብሪካ ቀለም ከሚጠይቀው ጥያቄ ጋር በመሠረቱ አንድ የሆነ ጥያቄ መጠየቁ ነው። ልዩነቱ ያለው በአመዛዘኑና መልሱ ለምን ተግባር እንደሚውል በመወሰኑ ላይ ነው። አጥማጁ መልሱን የሚሻው ዓሣ ለመያዝ ብቻ ነው፤ የፋብሪካ ፈቃድ ግን ወንዙን ለብዙ ዓመታት ይወስናል።

የዐረቢካ ቡና መገኛ ተብላ በምትታወቀው፣ በዴቻ ወረዳ በምትገኘው ማንኪራ ጨርቅ የሚነክር ፋብሪካ የለም። ሆኖም የቀለም መርዛማነት ፈተና ከዚያ አካባቢ ጋር የማይገናኝ የሩቅ ጉዳይ ነው ማለት አይቻልም። ለስፌት የሚሆነው አለላ የሚቀለመው ከገበያ በሚገዛ ሰው ሠራሽ ቀለም ከሆነ ቆይቷል። ከዚህም በላይ ዘዴው በትምህርትም በዕቅድም ሥራ ውስጥ «ውሃ ተመረዘ ወይስ አልተመረዘም» ለሚለው ጥያቄ እንደ መደበኛ መልስ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ ወደ ኦሞ ተፋሰስ የሚወርዱት የካፋ ወንዞች ነገ የሚመዘኑት በዚሁ ሚዛን ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ራሱ ሊመዘን ይገባዋል።

በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ሥርዓት የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በቁጥር 203 ያወጣው መመሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ጸድቆ በ1984፣ በ1992 እና በ2019 ተሻሽሏል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ቀለሙ ቢያንስ በአምስት ልዩ ልዩ መጠን በውሃ ይበጠበጣል፤ አንዱ መጠን ከሌላው ከ2.2 እጥፍ በላይ እንዳይርቅ ይደረጋል። በእያንዳንዱ ገንዳ ቢያንስ 7 ዓሦች ይገባሉ፤ ቀለም ያልገባበት አንድ ማነጻጸሪያ ገንዳም ይዘጋጃል። ከዚያም በ24፣ በ48፣ በ72 እና በ96 ሰዓት የሞቱት ይቈጠራሉ። በመጨረሻም በ96 ሰዓት ውስጥ ከዓሦቹ ግማሹን የሚገድለው መጠን በሊትር በሚሊግራም ይሰላል። በማነጻጸሪያው ገንዳ ከመቶ 10 በላይ ዓሦች ከሞቱ ወይም በውሃው ያለው ኦክሲጅን ከሙሌቱ ከመቶ 60 በታች ከወረደ ፈተናው ውድቅ ይሆናል።

የዚህ ሥርዓት ጥራት የሚካድ አይደለም። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ሙከራ እንዳልሆነ፣ አንድ ነገር ሲመረመር ሌላው ሁሉ እኩል መሆን እንዳለበት ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ውሳኔ ሲገባ ነው።

«ግማሹን የሚገድል መጠን» የሚለው ሐሳብ የመነጨው ከተፈጥሮ ጥበቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ትሬቫን የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ይህን ስሌት ያቀረበው እንደ ዲጂታሊስና ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶች ኃይላቸው ከዝግጅት ወደ ዝግጅት የሚለያይ በመሆኑ፣ አንዱን ከሌላው ለማነጻጸር ነበር። ግማሹ የተመረጠበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ስሌቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚጸናው በመካከል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሁለት ነገሮችን ለማበላለጥ የሚረዳ መለኪያ ነው እንጂ የደኅንነት ወሰን አይደለም።

ይህን ለመረዳት አንድ የስሌት ምሳሌ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል በሊትር 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ሚሊግራም በያዙ አምስት ገንዳዎች ከ7ቱ ዓሦች በተራ 0፣ 1፣ 4፣ 6 እና 7 ሞቱ እንበል። ግማሹን የሚገድለው መጠን ከ7 ሚሊግራም ብዙም አይርቅም። ቁጥሩን ብቻ በዘገባ ያነበበ ሰው «ከ7 በታች ከሆነ ግድ የለም» ሊል ይችላል። በ4 ሚሊግራም አንድ ዓሣ መሞቱ ግን በሰንጠረዡ ላይ ተጽፏል፤ ከ7 ዓሦች አንዱ ደግሞ ከመቶ 14 ማለት ነው። በ2 ሚሊግራም ማንም አለመሞቱስ ምን ያስረዳል? በአራት ቀን ውስጥ ከሰባት አንድም አልሞተም ከሚለው ያለፈ ነገር አያስረዳም። በአውሮፓ የኬሚካል ቁጥጥር የአጭር ጊዜ ውጤት ብቻ ባለበት ጊዜ ቁጥሩ ለ1,000 እንዲካፈል የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ የተጠቀሰው 7 ሚሊግራም በዚህ አካፋይ ሲሰላ 0.007 ይሆናል። በ7 እና በ0.007 መካከል ያለው ርቀት የጥንቃቄ ርቀት ሲሆን፣ ፈተናው ብቻውን ሊሞላው አይችልም።

ስለ ቀለሞች በተለይ የሚነገረው ውጤትም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ነው። ቀለም አምራቾች ራሳቸው በሺዎች በሚቈጠሩ ቀለሞች ላይ ያሰባሰቡት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ ከመቶ 98 ያህሉ ከዓሦች ግማሹን ለመግደል በሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ ያስፈልጋቸዋል። ከዚህ ተነሥቶ «ቀለም ለዓሣ እምብዛም መርዝ አይደለም» የሚለው አነጋገር ይከተላል። በፈተናው ሚዛን ይህ ሐሰት አይደለም። ብዙ ቀለሞች ግን ከ1 ሚሊግራም ባነሰ መጠን እንኳ ውሃውን በዓይን በሚታይ ሁኔታ ያቀልሙታል። የቀለመ ውሃ ብርሃን አያሳልፍም፤ ብርሃን ያጣ የውሃ ውስጥ እፅዋት ኦክሲጅን አያመነጭም። ዓሣው በቀለሙ ሳይሆን በቀለሙ ምክንያት ሊጎዳ ይችላል፤ ይህም በ96 ሰዓት ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም።

ማላካይት አረንጓዴ የተባለው ቀለም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሐር፣ ቆዳና ወረቀት የሚቀለምበት ይህ ነገር ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓሣንና የዓሣ እንቁላልን ሻጋታ ለማጥፋት በመድኃኒትነት ሲሠራበት ቆይቷል። ከ1 ሚሊግራም ባነሰ መጠን በ96 ሰዓት ውስጥ ብዙ የዓሣ ዝርያዎችን የሚገድል ሆኖ ሳለ፣ በጥቂቱና ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ዓሣው ይድናል። ሆኖም የዳነው ዓሣ ሥጋ ውስጥ ቀለሙ ቀለም ወደሌለው ቅርጽ ተለውጦ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ እንዳይሠራበት የተከለከለው ለዚህ ነው። ፈተናው «ዓሣው አልሞተም» ብሎ በሚዘጋበት ቦታ ላይ የተመጋቢው ጥያቄ ገና ይከፈታል። አዞ የተባሉትም ቀለሞች ኦክሲጅን በሌለበት ደለል ውስጥ ሲፈርሱ ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ከመነሻው የከፉ አሚኖችን ይሰጣሉ። በገንዳው ደለል ስለሌለ ይህም አይታይም።

ሌላው ግድፈት የሚፈተነው ነገርና ወደ ወንዝ የሚወርደው ነገር አንድ አለመሆናቸው ነው። ከማቅለሚያ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ዱቄቱ ብቻ አይደለም፤ ጨው፣ ሶዳ፣ ሳሙናና ሙቀት አለበት። አለላ ያቀለመችው እናት ከድስቱ የምትደፋው ውሃም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ መጠኑ ያነሰ ይሁን እንጂ ትኩስ ነው፣ ቅልቅልም ነው።

ወደ ማንኪራ ሲመለሱ ጉዳዩ የበለጠ ይጠብቃል። በአካባቢው ያለው የቦንጋ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር ውሃ የሚሟሟው ኦክሲጅን ወደ 7.4 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ግን 9.1 ነው። ዓሣው ገና ምንም ነገር ሳይነካው ከቈላው ወንድሙ አንድ አምስተኛ ያህል አንሶ ይተነፍሳል። መመሪያው የሚጠይቀው ከሙሌት ከመቶ 60 በመሆኑ በባሕር ጠለል 5.5 ሚሊግራም፣ በቦንጋ ግን 4.4 ሚሊግራም ይበቃል። አንድ ዓይነት ሕግ በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ውሃ ይፈቅዳል ማለት ነው።

ከዚህም የሚከፋው የካፋና የጅማ ወንዞች ዋነኛ ጠላት ፈተናው አስቀድሞ ከገንዳው ያስወጣው ነገር መሆኑ ነው። የጫካ ቡና በብዛት በፀሐይ የሚደርቅ ቢሆንም፣ እሸት ቡና በሚታጠብባቸው ጣቢያዎች ከገለባውና ከልጋጉ የሚወጣው ስኳር ወደ ውሃ ይገባል። ይህ ፍሳሽ ሲበሰብስ በእያንዳንዱ ሊትር በሺዎች የሚቈጠር ሚሊግራም ኦክሲጅን ይሻል፤ ውሃውንም ያኮመጥጠዋል። ዓሣው የሚሞተው ታፍኖ ነው። በመመሪያው መሠረት ግን ኦክሲጅኑ የወረደበት ፈተና ውድቅ ነው። ለቀለም ንጽጽር ይህ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው፤ ለካፋ ወንዝ ግን ተከሳሹን ከችሎት አስወጥቶ ፍርድ እንደ መስጠት ይሆናል። አጠባው የሚበረታበት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መሆኑም አይዘነጋ፤ ዝናቡ አቁሞ ጅረቱ እየቀጠነ ባለበት ወራት ነው።

በገንዳ ውስጥ የሚገባው ዓሣም ብዙ ጊዜ ከእስያ የመጣው፣ ለቤተ ሙከራ የተለመደው ዜብራ ዓሣ ነው። በኢትዮጵያ ወንዞች በሰፊው የሚገኙት ቢልጫና ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት ጋራ የተባሉት ትናንሽ ዓሦች ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ቢልጫ ለመራባት ጠጠር ያለበትና ኦክሲጅን የበዛበት ወራጅ ውሃ ይሻል። የዓሣ ሕይወት በሁሉም ዕድሜው እኩል አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ2013 በዜብራ ዓሣ ፅንስ ላይ የሚደረግ የ96 ሰዓት ፈተና በቁጥር 236 መጽደቁ አንድ እርምጃ ነው፤ ዋናው ዓላማው ግን አዋቂ ዓሦችን ከሞት ማዳን ስለሆነ የወንዙን ጥያቄ በሙሉ አይመልስም።

በዚህ ረገድ የእንዶድ ታሪክ የሚጠቀስ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በማየታቸው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመግታት የሚያስችል መንገድ ተከፈተ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ቀንድ አውጣን በሚገድልበት መጠን ዓሣንም ይገድላል፤ ነገር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በውሃው ውስጥ ፈርሶ ኃይሉን ያጣል። አንድ እንዶድና አንድ የማይፈርስ ቀለም በ96 ሰዓት እኩል ቁጥር ቢያገኙ፣ በአምስተኛው ቀን አንዱ ጠፍቶ ሌላው ገና ይሠራል። ቁጥሩ ይህን አይለይም፤ የመጀመሪያው ግኝትም የመጣው ቁጥር ከመቍጠር ሳይሆን ወንዙን ከላይና ከታች ከማየት ነበር።

ለዕቅድ አውጪዎች ሕጉ ከፈተናው የሰፋ በር ከፍቶላቸዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎችን በተለይ ይመለከታል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታቅዶ መሠራቱም «ስንት ሚሊግራም ዓሣ ይገድላል?» ከሚለው ይልቅ «ለምን ወደ ውሃ ይገባል?» የሚለውን ጥያቄ ያስቀድማል። ለካፋ ግን የፋብሪካው ሕግ ብቻ አይበቃም። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቦታ በሚመረጥበት ጊዜ ከዱቄት ቁጥር በፊት የኅዳር ወር የጅረቱ መጠንና ከጣቢያው በላይና በታች ያለው ኦክሲጅን መለካት አለባቸው።

በትምህርት ቤት ደግሞ ዓሣ መግደል አያስፈልግም። ያው ሥርዓት በሽንኩርት ሥር ሊታይ ይችላል፤ የሽንኩርት ሥር እድገት የመርዛማነት መለኪያ ሆኖ በሳይንስ የታወቀ ነው። ተማሪዎች የአለላ ቀለም በሊትር 100፣ 50፣ 25 እና 12.5 ሚሊግራም በጥብጠው፣ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ለማነጻጸሪያ አስቀምጠው፣ በእያንዳንዱ አፍ ላይ አንድ ሽንኩርት አሳርፈው ከሦስት ቀን በኋላ የሥሩን ርዝመት በማስመሪያ ቢለኩ የመጠንና የውጤት ዝምድና በእጃቸው ይገባል። ከዚያ በኋላ መምህሩ አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ ማስቀመጥ ይገባዋል፤ ቀለም የሌለበት፣ እሸት ቡና የታጠበበት፣ ሁለት ቀን ያደረ ውሃ። ተማሪው ይህን ብርጭቆ በየትኛው የሰንጠረዥ ረድፍ እንደሚያስገባው ግራ ሲገባው፣ የትምህርቱ ዋና ክፍል የሚጀመረው ከዚያ ላይ ነው።