«አልተረጋገጠም» ሲባል

በአካባቢ ጥበቃ ሙያ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቻለሁ። በስብሰባ አዳራሽ ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ አጭሩም ጉልበተኛውም «ጉዳቱ በሳይንስ አልተረጋገጠም» የሚለው ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነት መሆኑ ነው። በየሪፖርቱ መጨረሻ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብለን የምንጽፈው እኛው ነን። እኛ ለጥንቃቄ ያስቀመጥነውን ዓረፍተ ነገር ሌላው አንሥቶ ፈቃድ ይጠይቅበታል።

ማረጋገጥ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ከውሃ ናሙና በላይ የሚያሳይ የለም። የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽና የከተማ ቆሻሻ ተሸክሞ እንደሚወርድ ለማወቅ አፍንጫ ይበቃል፤ ለማስረዳት ግን አይበቃም። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ተፈልጎ ከሆነ ንጹሕ ጠርሙስ ይያዛል፤ ላይ የሰፈፈው አረፋ እንዳይገባ አፉ ወደ ወራጁ ዞሮ ከውሃው ገጽ ዝቅ ብሎ ይቀዳል። አንዱ ከፍሳሽ ቱቦው በላይ፣ አንዱ ከቱቦው አፍ፣ አንዱ ውሃው ከተቀላቀለ በኋላ ወረድ ብሎ። ቦታው፣ ሰዓቱና የውሃው ሙቀት እዚያው ወንዙ ዳር ይጻፋል፤ ቢሮ ተገብቶ «ትዝ ይለኛል» አይባልም። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የተቀዳው በነሐሴ ከሆነ ግን ክረምቱ ፍሳሹን ስለሚያቀጥነው ወንዙ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በየካቲት ሲቀዳ ሌላ ወንዝ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ሲደርሰኝ ከቁጥሩ አስቀድሜ የማየው ወሩን ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

«አልተረጋገጠም» የሚለውን ክርክር ከሥሩ የተረዱት ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። አድዋ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1940 ተወልደው በ1963 ከአዲስ አበባ ተመረቁ፤ በ1969 በዌልስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨረሱ። በኋላም የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን መሩ። ሹመቱንና ሽልማቱን ማንም ያነሣዋል። እኔን የሚገርመኝ ዕፅዋት ሲያጠኑ የኖሩ ሰው በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሠሩት ሥራ ነው።

ነገሩ የዘረ መል ምሕንድስና ሰብሎች ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ካርታሄና፣ ኮሎምቢያ ላይ ስለ ሰብሎቹ ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል ለማጽደቅ የተሰበሰቡት አገሮች አልተስማሙም። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ አንድ ወገን ሆነው ንግዱ እንዳይታሰር ተከራከሩ፤ በሌላ ወገን የቆሙትን አብዛኞቹን ታዳጊ አገሮች ወክለው የተናገሩት ተወልደ ብርሃን ነበሩ። በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ፕሮቶኮሉ ጸደቀ። አንቀጽ 10 ንዑስ አንቀጽ 6 በቂ ሳይንሳዊ መረጃ አለመኖሩ አንድን አገር ከውሳኔ እንደማያግደው ይናገራል። አስመጪው አገር «ገና አላወቅሁም» ብሎ መከልከል ይችላል ማለት ነው። አለማወቃችን እስከዚያ ቀን ለሻጩ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለገዢውም መሥራት ጀመረ። እንዲህ ያለውን አንቀጽ በፉከራ ማስገባት አይቻልም። የሚታወቀው የት እንደሚያበቃ ለይቶ የሚያውቅ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል የማይጨምር ተከራካሪ ይፈልጋል።

ተሟጋች «አይሆንም» ብቻ ካለ ደግሞ ሰሚ አያገኝም፤ ገበሬ ምርት ይፈልጋልና። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ፣ የተወልደ ብርሃን ባለቤት የዕፅዋት ተመራማሪዋ ሱ ኤድዋርድስ በመሩት ተቋም አማካይነት፣ ከገበሬዎች ጋር ኮምፖስት ተሞከረ። እህሉ ከየማሳው በናሙና ታጭዶ ተመዘነ። ኮምፖስት የተጨመረበት መሬት ኬሚካል ማዳበሪያ ከተጨመረበት ማሳ ጋር የሚስተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጠ። ይህ ልፋት ከአንድ ኮንፈረንስ ንግግር ይበልጣል ባይ ነኝ።

በሕግም በኩል ብዙ ተጽፏል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ዓ.ም. ጥናቱን የማቅረብ ሸክም በፕሮጀክቱ ባለቤት ላይ ጣለ፤ ትክክል ነው። ነገር ግን አጥኚውን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ያው ባለቤት ነው። ከፋዩን የሚያስከፋ መደምደሚያ የያዘ ጥናት ብርቅ ቢሆን አይደንቅም። ሕግ ሲላላም አይተናል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ጠበቅ ያለ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2007 ተሻሻለ፤ ከዚያም በዘረ መል ምሕንድስና የተገኘው ቢቲ ጥጥ ፈቃድ አገኘ። ማሻሻያውን የደገፉ ባልደረቦች አሉኝ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥጥ ይፈልጋል ይላሉ፤ እሱም እውነት ነው። የእኔ ጥያቄ ክትትሉን ማን በየትኛው ገንዘብ ይሠራዋል የሚል ነው።

ተወልደ ብርሃን በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. አረፉ። ሪፖርት ለሚጽፉ ወጣት ባለሙያዎች አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብላችሁ አትቁሙ። ጥናቱን ማን ይሥራው፣ ወጪውን ማን ይሸፍን፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ የትኛው ሥራ ይቁም፤ እነዚህንም እዚያው ጻፉ፣ ፈርሙበትም።