የምክር ቤት ታሪክና የድምፅ መዝገብ

የአንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ታሪክ ከወጡት ሕጎች ተሰብስቦ ይጻፋል የሚል አስተሳሰብ በብዙ ጽሑፎች ይገኛል። እኛ ግን ይህ በቂ አይደለም እንላለን። ሕጉ የክርክሩ ፍሬ ነው እንጂ ክርክሩ አይደለምና። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰነውን ያስታውቃል፤ ማን ደገፈ፥ ማንስ ተቃወመ ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ አይሰጥም።

ለምሳሌ በ1960 ዓ.ም. የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ እንውሰድ። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ይመረጡ፥ የሕግ መወሰኛው አባሎች ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። አዋጁ በዚህ መንገድ አልፎ ጎጃም ሲደርስ፥ የብቸናና የሞጣ ገበሬ መሬታችንን አስለክቶ ርስታችንን ሊያሳጣን ነው ብሎ ሠጋ፤ ገማቾችንም አላስገባም አለ። ነገሩ ወደ ጦር መሣሪያ ደረሰ፤ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። ፒተር ሽዋብ የተባለው የውጭ አገር ተመራማሪ የምክር ቤቱን አሠራርና የጎጃምን ዐመፅ ሁለቱንም ማጥናቱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የተናጋሪው ማመንታት፥ ቁጣና ዝምታ በመጽሐፍ አይያዝም።

ድምፅ መቅዳት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ የንግግሮቹን ጽሑፍ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲያሳትም ቢቆይም፥ ክርክሩን በራዲዮ አዘውትሮ ማሰማት የጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን የድምፅ መዝገብም ያለ ምርመራ አይታመንም። የቀድሞ እንደራሴ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ ራሱን ማመስገኑ አይቀርም። ደግሞም በዚያን ጊዜ ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር፥ የእንደራሴውን ድምፅ ብቻ ያስቀመጠ መዝገብ የባለንብረቱን ቃል እንጂ የግብር ከፋዩን ሁሉ ቃል አያስቀምጥም።

ስለዚህ መቅረፀ ድምፁ ከአዲስ አበባ መውጣት አለበት። በአማኑኤል፥ በብቸናና በሞጣ ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እንዲህ ተብለው ይጠየቁ፦ እንደራሴያችሁን ታውቁት ነበርን? ስለ ግብሩ የሰማችሁት ከእርሱ ነውን ወይስ ከገበያ? መልሶቹ ቢጋጩ ማስታረቅ የጠያቂው ሥራ አይደለም፤ እንደ ተነገሩ ይቀመጡ። የጠያቂው ስም፥ ቀኑና ቦታው በመዝገቡ ላይ ይታወቅ። አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ቤተ መዛግብት፥ ሌላው በዚያው በጎጃም ይኑር፤ ቴፕ በጊዜ ብዛት ይበላሻልና አንድ ቅጂ ብቻ ማኖር አይበቃም።

በ1960 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 80 ሊሞላው ተቃርቧል። ነጋሪት ጋዜጣው በመደርደሪያው ላይ ይቈየናል፤ ሰዎቹ ግን አይቈዩንም። የታሪክ ተማሪ የሆነ ሁሉ የሥራውን ቅደም ተከተል ከዚህ አንጻር እንዲያወጣ አደራ እንላለን።