ስለ ጆን ሞት መጽሐፍ
የአሜሪካ ክርስቲያን ተማሪዎች መሪ የነበረው ጆን ሞት (ስሙ በእኛ ቋንቋ ያስደነግጣል) ዓለምን በዚህ ትውልድ ወንጌል ስለ ማሰማት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱን ብቻ አይተው የነቀፉት በድለውታል፤ ማሰማት ዓለሙን ሁሉ ማሳመን እንዳይደለ ራሱ ለይቶ ጽፏልና። ብርቱው ነገር፥ ከውጭ የሚሄዱት ጥቂቶች ስለ ሆኑ ሥራውን የሚፈጽሙት የየአገሩ ተወላጆች ናቸው ማለቱ ነው። ነገር ግን ይህ ከርእሱ ችኰላ ጋራ አይስማማም። መልእክት በአንድ ትውልድ ይደርስ ይሆናል፤ መምህር ግን እንዲህ ፈጥኖ አይበቅልም። የቅኔ ተማሪ እንኳ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪደርስ፥ ኋላም አስነጋሪ እስኪሆን ስንት ክረምት ያልፍበታል! ወጣቶችን ለማሠልጠን ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ሰው እንግዲህ ከርእሱ ይልቅ ስለ ተወላጆቹ የተጻፈውን አስቀድሞ ያንብብ።